ከእናቴ ግንባር ላይ የተፋቀው መስቀል

ዜናው የደረሰኝ ከቅዳሴ መልስ፣ ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ቆሜ ነጠላዬን ሳስተካክል ነው። እዚህ ድሬዳዋ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ መጀመሪያ የሚፈልገው ጥላ ነው። የአገሬን ልጆች ማኅበር የሚያስተባብረው ጎልማሳ ጠጋ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝና፣

«እትዬ፣ ሰሙ? የቢቸናው ፎቶ አንሺ አረፉ» አለኝ።

«ነፍስ ይማር» አልኩ። ክርስቲያን ነኝ፤ ለሞተ ሰው ሌላ የሚባል ነገር የለኝም።

«ልጆቻቸው የድሮ ሥራቸውን ሰብስበው ቢቸናም ሞጣም ለሕዝብ ሊያሳዩ ነው። መታሰቢያ መጽሔትም ይወጣል። እርስዎ ዘንድ የናትዎ ፎቶ አለ ሲባል ሰምቻለሁ።»

«አለ።»

«እንግዲያ ይላኩልና! የአገራችንን መልክ ጠብቀው ያቆዩልን እኮ እሳቸው ናቸው።»

ነጠላዬን እንደገና አስተካከልኩ። ያልተበላሸ ነጠላ ነበር የማስተካክለው። መልክ ጠብቀው አለ! ልጁ በዚያን ጊዜ አልተወለደም፤ የነገሩትን ነው የሚያወራው፤ አልፈርድበትም። እሱ ግን ይህን እሺታ አድርጎ ወሰደውና ከፎቶው ጋር ስለ ሰውየው የማስታውሰውን ጥቂት እንድጽፍ አደራ አለኝ። «ደግ ደጉን» አለ፣ እንደ መሳቅ ብሎ።

እኔ ደግ ደጉን መጻፍ አልችልበትም፤ የሆነውን ግን እጽፋለሁ። የናቴ አጽም የት እንዳረፈ አላውቅም። የማላውቀውም ያ ሰው ባነሣት ፎቶ ምክንያት ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ አንባቢ ልበ ደንዳና አሮጊት ናት ብሎ ገና ከመነሻው እንዳይተወኝ ነው።

ሰውየው ቢቸና የገባው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ፣ እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። አዲስ አበባ ከአንድ አርመን ዘንድ ሙያውን ተምሬ መጣሁ ይል ነበር። የሚያውቁት ደግሞ የአርመኑን ወለል ሲጠርግ ነው ያየነው ይሉ ነበር። መጥረጉ ነውር አይደለም፤ እኔም ስጠርግ ነው ያደግሁት። ሰው ያልተማረውን ተምሬያለሁ ሲል ነው ነውሩ። ሹል ጫማ ያደርጋል፤ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ ወደ አንድ ጎን ይከፍለዋል፤ ቢቸና ጭቃዋ ጉልበት በሚደርስበት በሐምሌ እንኳ ያን ጫማ አይለውጥም ነበር። አንድ እግሩን እያነሣ እንደ ዶሮ ሲራመድ ተማሪዎች ከኋላው እንከተለውና እንስቅ ነበር።

ከገበያው ዳር አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ በሩ ላይ «መልክዎን አሳምረን እናነሣለን» ብሎ ጻፈ። ልብ በሉ፣ መልክዎን እናነሣለን አላለም። ከውስጥ በጀርባ በኩል ሸራ ተሰቅሏል፤ ሸራው ላይ ሰማያዊ ሐይቅ፣ የድንጋይ ደረጃና አንገቱ የረዘመ ነጭ ወፍ ተሥሏል። ከሱ ቤት የወጣ በቢቸና ዙሪያ ያለ የእነማይ ገበሬ ሁሉ ሐይቅ ዳር የተወለደ ይመስላል። መብራት በከተማው ስላልነበረ የሚያነሣው በመስኮት በሚገባው ፀሐይ ነው፤ ደመና ከሆነ «ፀሐይ ስትወጣ ና!» ብሎ ይመልሳል። የሚያመናጭቀው ግን ሁሉንም አይደለም። የአውራጃው ሹማምንት ሲመጡ «ጌታዬ፣ አገጭዎን ጥቂት ብቻ ቀና» ይላል፤ ወገቡም አብሮ ይታጠፋል። ገበሬ ሲመጣ «ዞር በል! አትተንፍስ! በሬ ነው እንዴ የምታየው?» ነው። ሽማግሌ ሆነ ቄስ፣ ጫማው ጭቃ ከነካ አንተ ነው።

የሚኮራበት ሥራው ግን ማንሣቱ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነው። ፎቶው የሚታተምበትን ነጋቲቭ በመስኮቱ ብርሃን ላይ አቁሞ፣ ጫፉ እንደ እሾህ በሾለ እርሳስ እየነካካ ፊት ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ሪታች ይለዋል። እርሳሱ የነካው ቦታ ወረቀቱ ላይ ነጥቶ ይወጣል፤ ስለዚህ ጠባሳ ይጠፋል፣ የፈንጣጣ ጠባሳ ይሞላል፣ የሽማግሌ ግንባር እንደ ሕፃን ይለሰልሳል። ይህን ሲሠራ ሰው እንዲያየው በሩን ይከፍት ነበር። «ካሜራ ያየውን ያነሣል፤ አርቲስት ግን ያርማል» ይላል። እግዚአብሔር የሠራውን እኮ ነው የማርመው የሚለው። እኛ ደግሞ፣ እኔንም ጨምሮ፣ አፋችንን ከፍተን እንሰማው ነበር።

አንድ ጉንጩን በልጅነቱ በሬ የወጋው ጎረቤታችን ለመምህርነት ሊፈተን የመታወቂያ ፎቶ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ፈታኙ ፎቶውን ያያል፣ እሱን ያያል። «ይህ ያንተ ወንድም ነው፤ እሱ ይምጣ» ብሎ ከበር መለሰው። ተናዶ ከፎቶ ቤቱ ሲገባ ያ ሰው ምን ቢለው ጥሩ ነው?

«ጠባሳህን ነው እንጂ አንተን አልከለከሉም።»

«ታዲያ ጠባሳዬን ትቼ ልሂድ?»

«እሱን ሐኪም ጠይቅ። የኔ ሥራ ንጹሕ ነው።»

ከተማው በዚህ አንድ ሳምንት ሳቀ። ማንም ግን ሰውየውን የነቀፈ አልነበረም፤ የሚሳቀው በባለ ጠባሳው ነበር። ወዲያው ሞጣም ሁለተኛ ቤት ከፈተ፤ በገበያ ቀን እዚያ፣ ሌላውን ቀን ቢቸና ይውላል። ለአንድ ጨርቅ ነጋዴ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አሠራ። ቀን መቁጠሪያው ላይ ጣቃ ተደግፋ የቆመችው ሴት ከጠጅ ቤት ያመጣት የአገራችን ሴት ነበረች፤ አንገቷን የከበበው ንቅሳት ግን ድራሹ ጠፍቷል። በዚያ ዓመት ቢቸናም ሞጣም በየሱቁና በየቢሮው እሷ ተሰቅላ ዋለች። ሴቶቻችን ካዩዋት በኋላ ፎቶ ቤት ሲገቡ «እንደሷ አድርገኝ» ማለት ጀመሩ። እሱም አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ የሴቱ ፎቶ ሁሉ አንድ ሆነ፤ እንደ ተላጠ እንቁላል።

የኛ አገር ሴት ንቅሳቷ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። አንገት ላይ የሚደረደረው ለጌጥ ነው። ግንባር ላይ ያለው መስቀል ግን ለጌጥ አይደለም። እናቴ የተነቀሰችው ከላይዋ የነበሩት ወንድሞቿና እህቶቿ በሽታ ገብቶ ሲያልቁ ነው። እናቷ ይህችስ ማተቧን ማንም የማይበጥስባት ትሁን ብላ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አስወጋችላት። እናቴ ስትጸልይ አውራ ጣቷን የምታሳርፈው እዚያ ላይ ነበር። ሕፃን ሆኜ ስታቅፈኝ መጀመሪያ የዳሰስኩት እሱን ነው መሰለኝ። ከቆዳዋ ትንሽ ከፍ ያለ፣ አንደኛው ክንፉ ያጠረ መስቀል ነበር።

መምህር አግብቼ ወደ ሞጣ ልሄድ ስል የናቴን ፎቶ ይዤ ልሂድ አልኩ። አባቴ ሞቷል፤ ሌላ ልጅ የላትም። «ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። «እኔ እንደሆነ ቦታዬ የታወቀ ነው። ከአባትሽ አጠገብ ነው። ሌላው ቢቀር እሱን እንዳትረሺ።» ብቻ ልጇን እንቢ ማለት አታውቅም፤ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ መጣች።

ፎቶ አንሺው ከሐይቁ ፊት አስቀመጣት።

«ቀና በይ። እጅሽን ጭንሽ ላይ። አትሳቂ።»

«ልጄ፣» አለችው እናቴ በትሕትና፣ «ከባሌ ወዲህ አንቺ ብሎ የጠራኝ አንተ ነህ።»

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በሳቅ ፈነዱ። እሱ ግን ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ከመሣሪያው ኋላ ገባ። ነገር ሲበላሽበት የሚሸሸግበት ጨርቅ ያለው ሰው ታድሏል።

ፎቶውን ልንወስድ ስንመለስ እናቴ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ፊቷ ላይ አንድ መስመር አልነበረም። የአንገቷ ንቅሳት የለም። ግንባሯ ባዶ ነው። ጣቷን ወደ ፎቶው ሳይሆን ወደ ራሷ ግንባር አነሣችና ዳሰሰች። መኖሩን ማረጋገጧ ነበር።

«ልጄ፣ መስቀሌስ?»

«አጸዳሁልሽ።»

«ቆሻሻ መስሎህ ነው?»

«አይ እናቴ፣ ዘመኑ ነው! ሞደርን ሆነሻል። አዲስ አበባ ብትሄጂ ማንም ባላገር አይልሽም።»

«እኔ አዲስ አበባ አልሄድም» አለች እናቴ። ፎቶውን ለኔ ሰጠችኝና ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ወጣች። መንገድ ላይ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። «ደግነቱ፣» አለች፣ «የሚያውቀኝ አምላክ ፎቶ አያይም።»

ሞጣ በገባሁ በሁለተኛው ክረምት ሴት ልጅ ወለድኩ። እናቴ ልታርሰኝ መጣች። ሆዷን ያማት ነበርና ጳጉሜን ሲደርስ ከግንደወይን ቁልቁል ወደ ዓባይ ቆላ ካለ ጠበል ከሰፈሬ ሴቶች ጋር ወረደች። ሴቶቹ ለዘመን መለወጫ ሲመለሱ እሷ «ሱባኤዬን ልጨርስ፤ ለልጅቷ ክርስትና እደርሳለሁ» ብላ ቀረች። መስከረም ላይ ቆላው ትኩሳት ገባበት። ወባ ነው አሉ። ሰው በሰው ላይ ይወድቃል የሚል ወሬ ወጣ። ባሌ ሊወርድ ስንቁን ካሰረ በኋላ ጤና ጣቢያው ማንም ወደዚያ እንዳይወርድ ከለከለ። እኔ እንደሆነ አራስ ነኝ፤ ልጄ ክርስትና ሳትነሣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ልገባ አይገባኝም።

እንዲወርድ የታዘዘው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር። ከሐረር በኩል ተመድቦ የመጣ ሙስሊም፣ ግድግዳ የሚለየን ጎረቤታችን ነው። ቡናና ዳቦ እንለዋወጣለን። እናቴን ግን አላያትም፤ እሷ ስትመጣ እሱ ዕረፍት ላይ ነበር። አልጋዬ ላይ ሆኜ በመጋረጃው በኩል ልነግረው ጀመርኩ። «ቀጭን ናት፣ ቀይ ዳማ፣ ስትራመድ...»

«እህቴ፣» አለኝ፣ «እኔ እኮ ለሰው የማሳየው ነገር እፈልጋለሁ። ፎቶ የላችሁም?»

«አለን» አለ ባሌ።

«ታዲያስ! ፎቶ እያለ ወሬ ምን ያደርጋል?»

ልክ ነበር። የተማረ ሰው ሁሉ እንዲሁ ይላል። ግንባሯ ላይ መስቀል አለ ብሎ መናገር ደግሞ ከመካከላችን ለማን ይታሰበዋል? የኛን አገር እናት ሲፈልጉላችሁ አፍንጫ አላት ብላችሁ ትናገራላችሁ?

ጥቅምት ውስጥ ተመለሰ። እሱም ትኩሳቱ ይዞት ነበርና ከስቶ፣ ዓይኑ ገብቶ፣ ከበራችን ላይ ሆኖ ጮኸ። «እህቴ፣ አብሽሪ! ከሞጣ የወረደች ሴት እያልኩ ፎቶውን ለሁሉም አሳየሁ። ለገናዦችም፣ ለቀባሪዎችም፣ ለታማሚዎችም። አንድም የሚያውቃት የለም። ከሞቱት ውስጥ የለችም!»

እልል አልኩ። ጎረቤት ተሰብስቦ እልል አለ። ያን ደግ ሰው ባሌ አቅፎ ሳመው። እሱን ዛሬም አልወቅሰውም፤ በሰው ትኩሳት መካከል ለኛ ሲል ወረቀት ይዞ የዞረ ሰው ነው።

እናቴ እንግዲህ ወደ ሌላ ገዳም ሄዳ ይሆናል አልን። ስለት ነበራት አልን። ልጄን ያለ አያቷ ክርስትና አስነሣሁ። ጥቁር አልለበስኩም። ተዝካር አላወጣሁም። በየበዓሉ ጧፍ ሳበራ ለሕያዋን ከሚበራው ጋር አበራሁላት። ሰው «እናትሽስ?» ሲለኝ «ደኅና ናት፣ ትመጣለች» እል ነበር። እናቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔ ደኅና ናት እል ነበር።

በዓመቱ፣ በሞጣ ገበያ፣ ጥላ ዘርግተው ለቤተ ክርስቲያን የሚለምኑ መነኩሲት አየሁ። ከየት እንደመጡ ብጠይቃቸው የዚያን ጠበል ቦታ ስም ጠሩ። ፎቶውን ከመቀነቴ አላወጣውም ነበርና አሳየኋቸው።

«እማሆይ፣ እቺን ሴት ያውቋታል?»

ቀረብ አድርገው አዩት። «አየ ልጄ፣ አምናም አንድ ሐኪም ይህንኑ አሳይቶኛል። ያኔም ነግሬዋለሁ። ይህች የከተማ ወይዘሮ ናት፤ እንዲህ ያለች እኛ ዘንድ አልመጣችም።»

ፎቶውን ልቀበላቸው ስል ፊታቸው ከፊቴ ነበር። ግንባራቸው ላይ መስቀል አለ። ከታች፣ በእጃቸው ባለው ወረቀት ላይ፣ የናቴ ግንባር እንደ ሳሕን ባዶ ነው። አንዴ ያንን፣ አንዴ ይህንን አየሁ። አጠገባችን በቆሎ የምትጠብስ ሴት ነበረች። ከምድጃዋ ዳር የበረደ ከሰል አነሣሁና ያን መስቀል ከፎቶው ላይ ሠራሁት፤ አንዱን ክንፉን አሳጥሬ። አንገቷ ላይ የነበረውንም ንቅሳት መስመር በመስመር ሠራሁት። ከዓይኗ በታች ያለውን ሽብሽባት በጥፍሬ ጫፍ አጠቆርኩት።

መነኩሲቷ ጥላቸውን መሬት ላይ ጣሉት።

«ውይ! ውይ! የቢቸናዋ!»

«ያውቋታል?»

«መቁጠሪያዬ ተበጥሶ ፍሬው ሲበተን አንድ አንድ ለቅማ የቋጠረችልኝ እሷ አይደለችም? ይኸው እጄ ላይ!» መቁጠሪያውን አሳዩኝ። ቋጠሮው የናቴ ቋጠሮ ነበር፤ መቀነቷን የምትቋጥረው እንደዚያ ነው።

«ሞተች?»

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ።»

«የት ተቀበረች?»

«እኔም ወድቄ ነበር። ከትኩሳቱ ስነሣ እሷ የለችም። በየዙሪያው አፈሩ ሁሉ ትኩስ ነው፤ የቱ የማን እንደሆነ በምን ይለያል? እኔ አፈር ልብላ፣ አምና ያንን ወረቀት ሳይ...» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ነኝ ያባበልኳቸው። መነኩሲቷ ምን አጠፉ? ያዩትን ነው የተናገሩት። የዋሸው ወረቀቱ ነው።

ዕለቱ የገበያ ቀን ስለሆነ ፎቶ አንሺው ሞጣ ነበር። እንባዬን ሳልጠርግ ገባሁ። ከሐይቁ ፊት አንዲት የቄስ ሚስት ተቀምጣለች። ከሰል የነካውን ፎቶ ከእጁ አስቀመጥኩት።

«ምነው እመቤቴ!» አለ። «ሥራዬን አበላሸሽው እኮ!»

«የናቴን ግንባር ነው የመለስኩት።»

ሁሉንም ነገርኩት። ጠበሉን፣ ድሬሰሩን፣ እልልታውን፣ መነኩሲቷን። ሰምቶኛል። እንዳልሰማኝ አድርጌ አላወራበትም። ዓይኑ ግን አንድ ጊዜም ወደ እኔ አልመጣም፤ ፎቶው ላይ ነበር፤ ወረቀቱን በብርሃን ወዲያና ወዲህ ያዞረዋል። ስጨርስ በአውራ ጣቱ መስቀሉን ሞከረው።

«ከሰሉ ወረቀቱን ፍቆታል» አለ። «ግን አታስቢ። ነጋቲቩ አለኝ። ሌላ ንጹሕ አወጣልሻለሁ።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ክፉ ሰው አይቻለሁ። ክፉ ሰው ቢያንስ ምን እንዳደረገ ያውቃል። ይህ ግን ከእርሳሱ ጫፍ ወዲያ ዓለም የሌለው ሰው ነበር። ሰው ሞተ ሲሉት ወረቀቱ ተጫረ የሚል! ቁጣዬ እንኳ ጥሎኝ ሄደ። ልቤ ውስጥ የቀረው ንቀት ብቻ ነው። ለንስሐ አባቴ ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ቀኖናውን ተቀብያለሁ፣ ሰግጃለሁ። ንቀቱ ግን አልወጣም። እሳቸውም አሁን አሁን ስለሱ መጠየቁን ትተዋል።

ለቄሱ ሚስት «እህቴ፣ ተነሺ። መስቀልሽን ይፍቅብሻል» አልኳት።

አየችኝ፤ ደግሞ ሐይቁን አየች። «እኔስ አንድ ቀን ባምርበት ምናለበት?» አለች ቀስ ብላ።

አልተነሣችም። እሱም ጨርቁን ተከናንቦ ገባ። «ቀና በይ!» ሲል እየሰማሁ ወጣሁ።

ከባሌ ጋር ወደ ጠበሉ ወረድን። የቦታው አስተዳዳሪ የነበሩት ቄስ በዚያው ትኩሳት ሞተዋል። የቀበሩት ሰዎች በሽታው ሲበርድ ወደየአገራቸው ተበትነዋል። አንድ ክረምት ዘንቦበት መሬቱ ተኝቷል፤ ሣር በቅሎበታል። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባም፣ ከወይራዎቹ ሥርም፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ተዳፋትም ተቀብሯል አሉን። በየአንዳንዱ ቦታ ቆሜ አለቀስኩ። ፍትሐት ተፈታላት፤ ተዝካሯን አወጣሁ። ጥቁሬንም ያኔ ለበስኩ። አደራዋን ግን አልፈጸምኩም፤ አጽሟን አፍልሼ ከአባቴ አጠገብ ለማሳረፍ የቱን አፈር ልቆፍር? የማላውቀውን ሰው አጽም አባቴ አጠገብ አምጥቼ እንዳላስቀምጥ እፈራለሁ። አንድ ጊዜ እኮ እሷን ያልሆነች ሴት በእናቴ ስም በመቀነቴ ይዤ ዞሬያለሁ።

ከዚያ ባሌ ወደዚህ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ፤ ዘመኑም ተለወጠ። ባሌ ካረፈ በኋላ እዚሁ ቀረሁ። ፎቶ አንሺው ግን ከበረ። ሹሙ ቢለዋወጥም እሱ የሁሉንም ፊት እያለሰለሰ ኖረ፤ ሰው ሁሉ በፊቱ ለስላሳ ሆኖ መታየት ይወዳልና ደንበኛ አላጣም። አሁን መልካችንን ጠብቆ ያቆየ ተባለ። ደስ ይበለው።

ለልጆቹ የምለው ይህን ብቻ ነው። እዚህ ፎቶ ቤት ያለው የልጅ ልጄ ጓደኛ እንደነገረኝ የእርሳሱ ነገር ነጋቲቩ ላይ የተቀባ እንጂ የተቆረጠ አይደለም፤ በለሰለሰ ጥጥ ቢጠረግ ይለቃል አለኝ። እንግዲያ እናቶቻችን ከነመስቀላቸው ከሥሩ አሉ። አደባባይ ከማውጣታችሁ በፊት ጥረጉላቸው። ካልጠረጋችሁ የናቴን አታሳዩብኝ። የኔው፣ ከሰል ያለበት፣ ከዚህ ጽሑፍ ጋር ነው። ይህንን መጽሔቱ ላይ አትሙት፤ ከሰሉን ግን ማንም እንዳያጸዳው።

ያተሙት እንደሆነ ምናልባት የሚያይ ይኖራል። ልመናዬ ያን ጊዜ እዚያ ለነበራችሁ ነው። በዚያ የትኩሳት ዓመት ከግንደወይን በታች ካለው ጠበል ለነበራችሁ፣ ለገነዛችሁ፣ ለተሸከማችሁ፣ ለቆፈራችሁ። ዛሬ አርጅታችኋል፤ እኔም አርጅቻለሁ። ለዚያ ሐኪም አናውቃትም ማለታችሁን ማንም አይዝባችሁም፤ ያሳያችሁ እሷን አልነበረም። አሁን ግን ፎቶውን ደግማችሁ እዩልኝ። ግንባሯ ላይ አንድ ክንፉ ያጠረ መስቀል አለ። የቢቸናዋ ትሏት ነበር። የተበጠሰ መቁጠሪያ ትቋጥር ነበር። የክርስትና ስሟን ለሚጠይቀኝ በጆሮው እነግረዋለሁ። እናንተ ደግሞ አንዲት ነገር ንገሩኝ፦ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፣ ከወይራው ሥር ነው፣ ወይስ ወደ ወንዙ በሚወርደው በኩል?